ቫኗን ያልጠበቅኩበት ጠዋት

ቫኗ ስትዘገይ ጥፋቱ የበረዶው ነው፤ እኔ ስዘገይ ጥፋቱ የእኔ ነው። የአካል ጉዳተኞች ማመላለሻው ሕግ ባጭሩ ይኸው ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ በስደት አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር እኖር ነበር፤ የምሠራው ከከተማው ማዶ ኢቶቢኮ፣ የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ግራ እግሬን በልጅነቴ ፖሊዮ ስለያዘው በክራንች ነው የምሄደው፤ የአውቶቡሱ ደረጃ አይሞከርም። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት እየደወልኩ ቫን አስይዛለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ስሜ «ምስኪን» ነበር። እዚያ ፋብሪካ ግን ኪስ በመትከል የሚደርስብኝ አልነበረም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍቼ ወንበሬ ላይ ያኖርኳትን ትንሽ ትራስ እንኳ ማንም አይነካብኝም።

ጠዋት ሻይ መጠጣት ትቻለሁ። የሕንፃችን መግቢያ፣ ሎቢው ውስጥ ስጠብቅ ቆይቼ ሽንት ቤት ብሄድ ቫኗ የምትመጣው ያኔ ነው፤ ሾፌሩም «አልተገኘችም» ብሎ ይሄዳል። አንዴ እንዲህ ሆኗል። ሌላ ጊዜ ደግሞ እሱ በጓሮው በር፣ እኔ በፊት ለፊቱ ስንጠባበቅ ተላለፍን። እንደገና ከቀረሽ ትታገጃለሽ ተባልኩ። ተሳፍሬም መከራው አያልቅም። አንድ ቀን የፋብሪካውን በር በመስኮት እያየሁ አለፍነው። «እባክህ እዚህ ጋ አውርደኝ» ብዬ ሾፌሩን ለመንኩት።

«ተራሽ ከሰውዬው በኋላ ነው» አለኝ፣ አብሮኝ የተሳፈረውን እያመለከተ።

ሰውዬውን እስከ ከተማው ሰሜን ጫፍ አድርሰን ስንመለስ የሻይ ዕረፍት ሆኖ ነበር። አለቃዬ ወዲያው ጠራችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«ስፌትሽን እወደዋለሁ፤ ግን ባዶ ወንበር አይሰፋልኝም። ካሁን በኋላ አንድ ቀን ብታረፍጂ በቃ» አለችኝ።

ያን ሌሊት በረዶ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ሎቢ ወርጄ ጠበቅኩ። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። በሩ አጠገብ ካለው የሳንቲም ስልክ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው «መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። የትኛው መንገድ ላይ? ክራንቼን ግድግዳው ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ። ፈጣሪዬን «ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት።

ያን ጊዜ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ በዕድሜ የገፉ የአገሬ ሰው ከሌሊት የታክሲ ሥራቸው ገቡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዛሬም አልመጣም? ነይ፣ በታክሲዬ እኔ ራይድ ልስጥሽ።»

ሁልጊዜ ይሉኛል፤ ሁልጊዜ በይሉኝታ እምቢ እላለሁ። ሲነዱ ያደሩ ሰው ናቸው፣ ገንዘብም አይቀበሉኝም። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተነሣሁ።

ማሽኖቹ ሲከፈቱ ትራሴ ላይ ተቀምጬ ነበር። አለቃዬ በአጠገቤ ስታልፍ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ሰፍቼ አላውቅም።

ማታ የመመለሻዋን ቫን የፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ የለችም። ከቢሮው ስልክ ደወልኩ።

«ጠዋት መኪናው መጥቶ አልተገኘሽም» አለችኝ ያነሳችው ልጅ። «ስለዚህ የማታው ተሰርዟል። ሦስተኛሽ ስለሆነ አገልግሎቱም ታግዷል።»

«ሰዓቱ አልፎ ነበር እኮ! ሥራዬን ላጣ ነበር!»

«ሰርዙልኝ ብለሽ ደውለሻል?»

አልደወልኩም። ከጋሼ ጋር ስወጣ ቫኗን ጨርሶ ረስቻት ነበር። ብጠብቃት ሥራዬን፣ ባልጠብቃት እሷን ነው የማጣው። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፤ ሕጉ ነው ብላ ዘጋችው።

አለቃዬ ካፖርቷን ለብሳ ሁሉንም ስትሰማ ቆማለች። «ነገስ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት። በምን እንደምመጣ ግን አላውቅም። ጋሼን በየቀኑ ብጠይቃቸው እሺ ይሉኛል፤ የሚያስፈራኝም እሺ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን መሪው ላይ እንቅልፍ ቢጥላቸውስ? አለቃዬም አላመነችኝም መሰለኝ፣ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች። ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ትራሴን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። አለቃዬም «እዚያው ተዪያት» አላለችኝም።