አባቴ ቃሉን ሊያነሳ ኮረብታው ላይ የወጣ ቀን

አባቴ ሲታመም የፈራው ሞትን አልነበረም። የፈራው ወንድሙ ሳይቀብረው መቀበርን ነው። ጥፋቱ ደግሞ የራሱ ነበር፤ ልጁ ነኝ ብዬ አልሸፋፍንለትም።

አያቴ ሾኔ ከተማ ውስጥ ስትሞት አባቴ የጭነት መኪናውን ይዞ ሞያሌ መንገድ ላይ ነበር። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ሬሳ አይቆይም። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ሳይጠብቀው ቀበራት። አባቴ በማግስቱ ደረሰና ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «እኔ ስሞት ሬሳዬን እንዳትነካ! ቀብሬ ላይ እንዳትቆም!» ብሎ ጮኸበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አጎቴ ከዚያ ወዲያ ሆሳዕና ያለውን ቤታችንን ረግጦ አያውቅም። ለሰርጌ እንኳን ሚስቱን ነው የላከው።

ዓመታት አለፉ። የአባቴ ኩላሊት ሥራ አቆመ፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዱት አሉን። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ጠራኝና፣ «ወንድሜን አስመጪልኝ» አለኝ። «እዚህ ቤት ግን አይደለም። ኮረብታው ላይ።»

እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። «አባዬ፣ እስከ ሽንት ቤት ተደግፈህ እየሄድክ የምን ኮረብታ ነው? በስልክ አፉ በለኝ በለውና ይብቃ!»

«በሰው ፊት የተናገርኩትን በስልክ አላነሳም» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ነገሩ አበቃ።

ኮረብታው ዛሬ የከተማው መናፈሻ ነው። የድንጋይ ደረጃ ተሠርቶለታል፣ በሲሚንቶ የተሠራ ቀጭኔ ቆሞበታል፣ እሁድ እሁድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ድሮ ግን የደምም የድንበርም ጠብ የሚያልቀው እዚያ፣ ዝግባው ሥር ነበር። የአባቴ አባትም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። እዚያ የተነሳ ቃል ዳግመኛ አይጠራም ይባላል። ዝግባው አሁንም አለ፤ ግንዱን ኖራ ቀብተው በብረት አጥረውታል።

ለአጎቴ ላክሁበት፤ በቀጠሮው ቀን እስከ መናፈሻው በር በባጃጅ ሄድን። ከዚያ ባሌ አዘለው። ያ መሪ ሲይዝ ጋቢናውን ይሞላ የነበረ ሰውዬ፣ ልጅ አክሎ ባሌ ጀርባ ላይ ሳየው እንባዬ መጣ። ያ አላህ፣ ሰው እንዲህ ያልቃል!

አጎቴ ቀድሞን ደርሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከሾኔ ያመጣቸው ሽማግሌዎችም አጠገቡ ናቸው። ቀና ብሎ አላየንም። እንደዚህ ተኮራርፈው ቢለያዩስ ብዬ ፈራሁ።

በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ እርጥብ ሣር ይይዛል። አባቴ መሬት አስቀምጡኝ አለ። አስቀመጥነው። ከአጠገቡ ያለውን ሣር መንጨት ጀመረ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ!

«አባባ! ሣር መንቀል ክልክል ነው!» እያለ ጥበቃው በሩጫ መጣ። እውነቱን ነው፤ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። ስለ ባጃጁ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ጋቢው ስንጨቃጨቅ ያደርን ሰዎች፣ ከደጃችን አንድ ጭብጥ ሣር ይዘን እንውጣ ያለ አንድ ሰው የለም። ለካ ኮረብታው ያው የድሮው መስሎን ኖሯል።

«አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም? ሰውዬው በሽተኛ ነው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» አለና አባቴን ሊያስነሳ ክንዱን ያዘው።

ያኔ አጎቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። መጀመሪያ በሀዲይኛ ጮኸ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፣ «እጅህን አንሳ! ወንድሜ ነው!» አለ።

ወንድሜ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት መቼ እንደነበር እንኳን አላስታውስም። ጥበቃውም ያገሩ ልጅ ነውና በአባቴ እጅ ያለውን ሣር አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ነገሩ ገባው። «ይቅርታ አባባ» ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ዞር አለልን።

አጎቴ አባቴ ፊት በርከክ አለ። አባቴ ከነሥሩ የተነቀለውን ሣር ዘረጋለት። «በእናታችን ለቅሶ ላይ ያልኩትን አንስቻለሁ። አፉ በለኝ። አንተ ካልቀበርከኝ ማን ይቀብረኛል?»

አጎቴ ሣሩን ተቀበለው። «አፉ ብያለሁ» አለው። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን። እኔ እንደሆንኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

አባቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። የሾኔ መንገድ ጭቃ ነበር፤ አጎቴ ዘገየ። ሰዎች ሬሳ አይቆይም፣ እንውጣ ማለት ጀመሩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሊያነሱት ሲሉ በሞተር ደረሰ፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

ሴቶቹ ቤት ቀረን። ከቀብር ሲመለሱ ለአጎቴ እጁን ላስታጥበው ውኃ ይዤ ወጣሁ። እስከ ክርኑ አፈር ነው።

«ሊያግዙኝ ጉድጓዱ ውስጥ የወረዱትን አስወጣኋቸው» አለኝ። «ብቻዬን ነው ያስተኛሁት።»