ሕመሙን የደበቀው የቬርናል ስካግስ ይግባኝ

ቬርናል ስካግስን በሩቅ የሚያውቁት ኩሩ ሰው ነው ይሉታል። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ጎረቤቱ ስለሆንኩ ግትር ነው የምለው። በወጣትነቱ፣ በኩዌቱ ጦርነት ጊዜ፣ ጥይት የጫነ የጭነት መኪና በረሃ ላይ ተገልብጦበት ወገቡ ተጎዳ። ሠራዊቱ በክብር አሰናበተው፤ ወገቡ ግን እስከዛሬ አላሰናበተውም። ወደዚህ ወደ ኬንታኪ ተራሮች ተመልሶ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ ኖረ፤ በኋላ እሱም አቃተውና ቤት ዋለ።

እኔ ማቪስ እባላለሁ። ባሌም ወታደር ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ እየዋልኩ የጉዳት ካሳና ሕክምና የሚጠይቁትን እረዳለሁ፤ ይግባኝ ሲሉም አብሬያቸው ችሎት እቀርባለሁ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ ዘንድ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለም።

አንድ ቀን የቬርናል ሚስት ደልፊያ ብቻዋን መጣች።

«ማቪስ፣ ትከሻዬ አለቀ» አለችኝ። «እሱን ሳነሳ ሳስቀምጥ አለቀ። እኔ የወደቅሁ ዕለት ማን ያነሳዋል?»

መንግሥት የሰጠው የጉዳት ደረጃ ከፍ ቢልለት ቤት ድረስ የሚመጣ ረዳት ያገኛል፤ መታጠቢያ ቤታቸውም ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ይሠራል። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ በስንት መከራ ማመልከቻው ላይ አስፈረምነው። የሐኪም ምርመራ ቀን ተቆረጠ። «ቬርናል፣ ለአንድ ቀን ብቻ እንደታመምከው ታመም» ብዬ አስጠነቀቅኩት።

እሱ ምን አደረገ? ጢሙን ተላጨ። የቤተክርስቲያን ሸሚዙን አስተኩሶ ለበሰ። ከዘራውን ፒካፑ ውስጥ ትቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ሐኪሟ እንዴት ነህ ስትለው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልልም» አላት። በኛ ሸለቆ ወንድ ልጅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ እግሩ ተቆርጦ እንኳ ቢሆን። ሐኪሟ «አለባበሱ ንጹሕ፣ ያለ ድጋፍ የሚራመድ፣ ቅሬታ የሌለው» ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? ያየችውን ጻፈች። ጥያቄያችን ውድቅ ሆነ።

እንደ ድስት ፈላሁ። ቤታቸው ስደርስ የባቄላ ወጡን በበቆሎ ዳቦ እየበላ አገኘሁት።

«ከዘራህን ለምን መኪና ውስጥ ተውከው?»

«ታዲያ ሰው ፊት እያነከስኩ ልግባ?»

«አዎ! የሄድከውኮ ለምርመራ ነው፣ ለሚዜነት መሰለህ እንዴ?»

ሳቀ። መሳቁ ይበልጥ አናደደኝ።

ይግባኝ አልን። ያኔ ለደልፊያ ነገሩን አስረዳኋት። ይግባኙን የምትሰማው ዳኛ ቬርናልን አትመረምረውም፤ በዚህና በዚያ በኩል የቀረበውን ማስረጃ ነው የምትመዝነው። ሚዛኑ ወደዚያ ካጋደለ ተሸነፍን። እኩል ከሆነ ግን ሕጉ ጥርጣሬውን ለወታደሩ ይሰጣል። በዚያ በኩል የሐኪም ሪፖርት አለ። በኛ በኩል ምንም የለም።

«ሐኪም ባትሆኚም ያየሽውን መመስከር ትችያለሽ» አልኳት።

«እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ?»

«አጠገብሽ ቁጭ ብሎ።»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። አልፈረድኩባትም። የባሏን ገመና አደባባይ ላይ የምታወጣ ሴት እዚህ አገር ተሰምታ አትታወቅም።

በቀጠሮው ቀን ግን መጣች። ከተማው ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ሦስታችን ተቀመጥን። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ጠና ያለች ሴት ናት፤ ዋሽንግተን ሆና በስክሪን ታየናለች። ቃለ መሐላ አስፈጸመችን።

«እንደምን ነዎት፣ አቶ ስካግስ?»

«ደህና ነኝ እመቤቴ፣ ምንም አልልም። እርስዎስ?»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ቀስ ብሎ እግሩን ሰበሰበ።

የደልፊያ ተራ ደረሰ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ካልሲ የማለብሰው እኔ ነኝ» አለች። «ሱሪውንም። አልጋ ላይ መተኛት ካቃተው ቆይቷል፤ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው።»

«ደልፊያ፣ ይበቃል» አለ ቬርናል።

አልበቃትም። «ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ላነሳው አልቻልኩም። ጎረቤት ልጥራ ስለው፣ ብትጠሪ ዓይንሽን አላይም አለኝ። ብርድ ልብስ ደርቤለት አጠገቡ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ጠዋት ወንድሜ መጥቶ አነሳው።»

ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ከመስኮቴ ሆኜ የማድቤታቸው መብራት ይታየኛል። እዚያው ችሎት ላይ ያለቀስኩት ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ለሁለቱም መሰለኝ።

ዳኛዋ፣ «አቶ ስካግስ» አለች፣ «ለሐኪሟ ቅሬታ የለኝም ብለዋታል። ባለቤትዎ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። የትኛውን ልመን?»

ቬርናል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። ደህና ነኝ ቢል ሚስቱ በመሐላ ዋሸች ማለት ነው። ይህ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ሚስቴ ዋሽታ አታውቅም» አለ።

«የጠየቅኩዎት ስለ ወገብዎ ነው።»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ እመቤቴ። እሷ እንዲያውም አሳንሳ ነው የነገረችዎት።» ከዚያ አንድ በአንድ ተናገረ፤ እግሩ እንደሚደነዝዝ፣ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ እንደማይችል። ሲናገር ከባርኔጣው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«ይህን ሁሉ ለሐኪሟ ለምን አልነገሯትም?»

«ልጅ እግር ናት እኮ። እንዲህ ያለ ነገር በጠዋቱ ለሰው ይነገራል?»

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

ውሳኔው ወራት ፈጅቶ መጣ፤ ማድቤታቸው ቁጭ ብለን አነበብኩላቸው። ዳኛዋ የሐኪሟን ሪፖርትና የሚስቱን ምስክርነት መዝና እኩል ሆነው እንዳገኘቻቸው፣ ስለዚህም ጥርጣሬው ለይግባኝ ባዩ ጥቅም እንደሚተረጎም ጽፋለች። ደረጃው ከፍ ብሏል። ረዳት ይመጣል፣ መታጠቢያ ቤቱም ይሠራል። እኔ በደስታ እጮሃለሁ፤ ቬርናል ግን ወረቀቱን በጣቱ ያመለክተኛል።

«ስለ ደልፊያ የሚለውን ድገሚልኝ» አለኝ።

«የወይዘሮ ስካግስ ቃል እውነተኛና የሚታመን ሆኖ አግኝተነዋል» ብዬ አነበብኩለት።

«እስቲ አንዴ ድገሚው።»

ደገምኩት። ደልፊያ ፊቷን አዙራ የታጠበ ሳህን መልሳ ማጠብ ጀምራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቬርናል ጠረጴዛውን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔ እያየሁት እንደገና ሞከረ።

«ማቪስ» አለኝ፣ «ነይ እስቲ ደግፊኝ።»

በብብቱ ገብቼ አነሳሁትና ደልፊያ ወደቆመችበት ወሰድኩት።