የአባቴ ራትና የየኔታ ተረት

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ራት ያለ ተረት አይበላም ነበር። ተረት ነጋሪው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በገነተ ማርያም ደጅ ለብዙ ዘመን ፊደልና ዳዊት ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ እኛም የቤት ልጆች እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ያኔ መብራት ወደ መንደራችን አልገባም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ እናቴ ከምድጃው ፍም ጭራ ከእግራቸው ሥር ታኖርላቸዋለች፤ ኩራዙ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያገዝፈዋል፤ እኔም የወይራው ጭስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ከጉልበታቸው ሥር አልነሣም ነበር።

አባቴ ታደሰ ከመደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ያኔ ሕመሙ ከጀመረው ሰንብቷል። እጁና ትከሻው ሳያዛቸው ይወራጫሉ፣ ሲራመድ ይወላገዳል፣ ፊቱ እንኳ ለብቻው የሚሥቅና የሚቆጣ ይመስላል። እናቱም የእናቱም አባት በዚሁ ሕመም እንደሞቱ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ እሰማ ነበር። የኔታን ግን አልፏቸዋል። ጎረቤት «ልክፍት ነው» አለ፤ አባቴም ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ሄዶ ጠበል ተጠመቀ። ልቡ አርፎ ተመለሰ፣ እጁ ግን አላረፈም።

ቀኑን ሙሉ የሚወራጭ ገላ ምግብ አይበረክትለትም። እናቴ የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት በማር፣ የተፈጨ ድንች በወተት እያደረገች ታቀርባለች፤ እሱ ግን ወር በወር ይከሳል። ሲውጥ ደግሞ ትን ይለዋል። በማንኪያ ጥቂት ጥቂት ታጎርሰዋለች፣ የኔታ ደግሞ ተረታቸውን ይጀምራሉ።

«ጅብ ሆዬ በጨለማ መጣና የአሮጊቷን በር ገፋ አደረገው…» ይሉና ቀጥ ይላሉ። እኔ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። እሳቸው የሚያዩት እኔን ሳይሆን የአባቴን ጉሮሮ ነው። «ታዴ፣ ዋጥክ?» አባቴ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ይውጥና ራሱን ይነቀንቃል። «በል እንግዲያው ጅቡ ገባ» ይላሉ፤ አባቴ በሣቅ ይፈነዳል፤ እናቴም ማንኪያውን ወደ ኋላ ስባ ሣቁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ያኔ የኔታ የሚያቆሙት ልቤን ሊሰቅሉት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ ወተቱንም ቅቤውንም አልነካም አለ። በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር። የንስሐ አባታችን መጥተው «ሕመምተኛ ነህ፣ ፈቅጄልሃለሁ» ቢሉትም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሚጎተት አንደበቱ «መቀደሱን አጣሁ» አለ። «ጾሙንም ልጣ?»

እናቴ የወተቱን ኩባያ እንደያዘች ቆማ ቀረች። በመጨረሻ የኔታ ተነሡና ከአጠገቡ ተቀመጡ፤ የሚወራጨውን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ታዴ፣ የአንተን እኔ እጾምልሃለሁ» አሉት። «እስከ ማታ እቆይልሃለሁ። አንተ ብቻ ጠጣ፣ ወንድሜ።»

አባቴ አለቀሰ፤ ከዚያም ጠጣ። የኔታ ያን ጾም በሙሉ ጀንበር ሳትጠልቅ እህል አልቀመሱም፤ ቤታችን ሲመጡ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ድምፃቸውም ሰልሎ ነበር፤ ተረቱን ግን አላስቀሩብንም።

አባቴ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ዐረፈ። እኔም ተምሬ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሥራ ገባሁ። ዕድሜዬ አባቴ ወደ ታመመበት ዕድሜ ሲቃረብ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ብርጭቆ ከእጄ ቢያመልጥ «ጀመረኝ» እላለሁ፤ ደረጃ ላይ ብደናቀፍ ቀኑን ሙሉ እግሬን ስጠብቅ እውላለሁ። በስልኬ የዘር የነርቭ በሽታን ይከላከላል የሚል የእንክብል ማስታወቂያ አየሁና ገዛሁ። በኋላ ሌላ ጨመርኩ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ። እንጀራና ዳቦ ነርቭ ይጎዳል የሚል ሰው ሰማሁ፤ ተውኩ። ወተትና ዘይትም ተውኩ። ጠዋት የተልባ ውሃ፣ ማታ ቅጠላ ቅጠል ሆነ ኑሮዬ።

እሑድ ወደ ቤት ስሄድ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። በጣቶቿ አጥንቴን እየለካች መሆኗን ዐወቅሁ፤ የአባቴን ክንድ እንዲያ ስትይዘው አይቻታለሁ። ያቀረበችልኝን ገንፎ ገፋ ሳደርገው እንባዋ መጣ። በዕድሜ ጎብጠው ከጥጉ የተቀመጡት የኔታ ቀና አሉ።

«ብርቄ፣ እንዳትበዪ ማን አዘዘሽ?»

«ለጤናዬ ነው፣ የኔታ። የአባቴ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነው።»

«ሐኪም ነው ያለሽ?»

ሐኪም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ፍሙ መለሱ።

አልሄድኩም። ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግሬን ይነዝረኝ ጀመር፤ ውሎ አድሮ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። አለቀ፣ መጣ አልኩ። እንክብሎቼን በቦርሳዬ አጭቄ፣ ለእናቴ ሳልናገር ደሴ ሆስፒታል ወረድኩ።

የነርቭ ሐኪሟ ሴት ነበረች፣ ረጋ ያለች። አስኬደችኝ፣ ጣቷን በዓይኔ አስከተለችኝ፣ ምላሴን አስወጥታ አቆየችኝ፣ ስለ አባቴም ብዙ ጠየቀችኝ። ከዚያ የእንክብሎቹን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያዞረች ጽሑፋቸውን አነበበች።

«እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ነው የምትወስጃቸው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ቫይታሚን ቢ ስድስት በሦስቱም ውስጥ አለ፤ መጠኑም ከፍተኛ ነው። ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እግርሽን የሚነዝርሽ ይኸ ይመስለኛል።»

«የአባቴ አይደለም?»

«ከነገርሽኝ ሁሉ የአባትሽ ሀንቲንግተን የሚባለው በሽታ ይመስላል፤ እሱ እንዲህ አይጀምርም። ዛሬ ምልክቱን አላየሁብሽም። ከእሱ መውረስሽና አለመውረስሽ እኩል በእኩል ነው፤ ለይቶ የሚነግርሽ የዘር ምርመራ ብቻ ነው። መመርመርም አለመመርመርም ያንቺ ምርጫ ነው፣ ማንም አያስገድድሽም።»

«የሚከላከለው ምግብስ?»

«እስከ ዛሬ የሚከላከል ምግብም እንክብልም አልተገኘም» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ብዙ ተሞክሯል፣ አልሠራም። እንዳትከሺ ግን እፈልጋለሁ። እንጀራሽን በወጥ ብይ፣ ወተቱን ጠጪ፣ ተራመጂ፣ ተኚ።»

ደሜን አስመረመረችኝ። ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ቫይታሚን ዝቅ ብሎ ስለተገኘ እሱን ብቻ አዘዘችልኝ፤ ሌሎቹን ተዪ አለችኝ። ከሆስፒታሉ ስወጣ በር ላይ ካለች ሻይ ቤት ገብቼ እንቁላል ፍርፍር አዘዝኩ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ በላሁ፤ እንዲያ የጣመኝ ምግብ አላስታውስም።

ስመለስ ሁሉንም ለእናቴና ለየኔታ ነገርኳቸው። የኔታ እያዳመጡ ቆዩና ሣቅ አሉ።

«እኔም እኮ ስለ አባትሽ አበላል የጠየቅሁት የጤና ጣቢያዋን ነርስ ነበር» አሉኝ። «አፉ እህል ይዞ ሲያወራ ነው ትን የሚለው፣ ሲበላ አታስወሩት አለችን። ታዴን ዝም ማሰኘት ይቻላል እንዴ! ወሬ ካገኘ መቼ ዝም ይልና። ብናየው ብናየው፣ ዝም የሚለው ተረት ሲሰማ ብቻ ሆነ።»

«ለእኔ የሚነግሩኝ ይመስለኝ ነበር» አልኳቸው።

«ላንቺም ነበር እንጂ» አሉ። «አንቺ ባትሥቂ እሱ መች ይሥቅ ነበር?»

መንዘሩ ቀስ በቀስ፣ በወራት ውስጥ ተወኝ። የዘር ምርመራውን እስካሁን አላደረግሁም፤ አንድ ቀን አደርገው ይሆናል። የኔታ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። እሑድ እሑድ ወደ እናቴ ቤት የምችለውን ያህል በእግሬ እሄዳለሁ፤ ርቦኝ እደርሳለሁ፤ ያቀረበችልኝንም እበላለሁ። ፍርሃቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አንዳንድ ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሣል፣ ግን አብሮኝ አይውልም።

ስለ ሕመሙ ባሰብኩ ቁጥር የአባቴ መወራጨት ይመጣብኛል ብዬ እፈራ ነበር። የሚመጣልኝ ግን ሌላ ነው። ራት አልቆ፣ እናቴ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋለት፣ ግንባሩ በሙቀቱ ወዝቶ፣ ጠግቦ የተቀመጠው አባቴ ነው የሚታየኝ፤ እጁ እንደ ልማዱ ይወራጫል፣ እሱ ግን ልብ አላለውም። ያኔ ቤታችን ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ እንኳ የምረሳባቸው ምሽቶች ነበሩ፤ እሱም የሚረሳባቸው እንደነበሩ አሁን አሁን እርግጠኛ እየሆንኩ መጥቻለሁ።