ኤሊና ለቅሶ የቀረች ጊዜ

መካኒሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ታጥፎ በሚገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ፣ ኤሊናን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። ለሠፈሩ እሷ «የኦሊ እናት» ናት። ከባሏ ከዩካና ከሁለት ልጆቿ ጋር ለሚስዮን ሥራ ከፊንላንድ ከመጣች ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዩካ መካኒክ ነው፤ የሚስዮኑ መኪና ገጠር ላይ ሲቆም ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። እሷ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ታሠለጥናለች።

ሚስዮናዊ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሲሰብክ ውሎ ሲሰብክ የሚያመሽ ሰው ነው። የኤሊና ቀን ግን የሚጀምረው እንደማንኛዋም የመካኒሳ እናት ቀን፣ ቧንቧ ከፍቶ ውሃ መምጣቷን በማየት ነው። ከመጣች ሮቶው ይሞላል፣ ልብስ ይዘፈዘፋል። ካልመጣች ያለው ይቆጠባል። ከዚያ ኦሊና ታናሽ እህቱ ሳኒ ቁርስ በልተው፣ አንዱ የሌላውን ካልሲ አድርጎ ተጣልተው፣ ታርቀው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ ደግሞ ወተት አለ።

ወተቱ የሚመጣው ከአጥር ማዶ፣ ከአቶ በንቲና ከእትዬ ገዲሴ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ሠፈሩ ሠፈር ሳይሆን የነበሩ ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ የአቶ በንቲ አባት ገብስ ያጭዱበት የነበረ ማሳ ነው። ማሳው አለቀና ጥቂት ላሞች ተረፉ። ኤሊና በየጠዋቱ ጆጓን ይዛ ትሻገራለች፤ እትዬ ገዲሴ ወተቱን እየለካች የሠፈሩን ወሬ ትነግራታለች፣ ስትሳሳት ታርማታለች፣ በአነጋገሯም ትስቅባታለች። ኤሊና አማርኛን ፊደሉን በቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ነፍሱን ግን እዚህ በር ላይ ነው የተማረችው።

መስቀል እንዳለፈ፣ አንድ ማለዳ፣ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። አቶ በንቲ በተኙበት አርፈው ነበር።

አሁን ኤሊና ያደረገችውን ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዱም እርምጃ ከክፋት የመጣ አይደለም። እሷ በተወለደችበት አገር ሐዘን የገባበት ቤት በሩን ይዘጋል። የሚገባው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። ጎረቤት ያዘነውን አይረብሽም፤ ራቅ ብሎ ይቆያል፣ ሰዎቹ ትንሽ ሲረጋጉ አበባ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ኤሊና መስኮቷን ዘጋች። ኦሊን «ኳስ አትምታ፣ ጎረቤት አዝኗል» አለችው። ዩካ ሞተሩ እንዳይጮኽ መኪናውን ከሠፈር ውጭ እንዲያቆም አደረገች። መንገዱ ላይ ድንኳን ሲተከል በጀርባ በኩል ዞራ መሄድ ጀመረች። ሰው እንደ ጎርፍ ሲገባ ሲወጣ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች፣ «ምስኪን ገዲሴ፣ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አልሰጧትም» ብላ ከልቧ አዘነችላት።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ነጭ አበባና ራሷ የጋገረችውን ኬክ ይዛ በሩን አንኳኳች።

እትዬ ገዲሴ ጥቁር ለብሳ ወጣች። አበባውን አየች፤ ኬኩን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች። «ግቢ» ግን አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ወተቱ አልተቋረጠም፤ ወሬው ነው የተቋረጠው። ጆጉን ተቀብሎ የሚሞላው ሌላ ሰው ሆነ። በመንገድ ላይ ሴቶቹ ሰላምታዋን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱ ጀመር። ኤሊና ለብዙ ቀናት ምን እንዳጠፋች ስታሰላስል ከረመች። በመጨረሻ፣ ዘይት ልትገዛ ስትገባ፣ ባለሱቁን መሐሙድን ጠየቀችው።

«ሰዎቹ ምን ሆነውብኝ ነው? ፊታቸውን ያዞሩብኛል።»

መሐሙድ ዘይቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ አያት። «እውነት አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«ለቅሶ ቀረሽ!»

«አልቀረሁም! ሄጃለሁ። ኬክ ሁሉ...»

«ኬኩንማ ያልሰማ የለም» አለ መሐሙድ፤ ሳቁ አመለጠው። «ያቺ ቀልደኛዋ ጎረቤታችን ቢፍቱ ‹ሻማው ቢጨመር ልደት ነበር› እያለች አይደል እንዴ ሠፈሩን ስታስቅ የከረመችው።» ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ስሚ የኦሊ እናት። እኔ እስላም ነኝ፤ ሱቄን ዘግቼ ድንኳን ውስጥ ነው የዋልኩት። ከጎፋ ሰው መጣ፣ ከሀይሌ ጋርመንት መጣ። አጥር የምትጋሪው አንቺ ቀረሽ። ያንቺ እናት ያረፉ ጊዜ ቤትሽ ማን ነበር የመጣው?»

ኤሊና የዘይቱን ዋጋ ከፍላ ዘይቱን ረስታ ወጣች።

እናቷ ያረፉ ጊዜ! አውሮፕላን ሳይገኝ ቀርቶ ቀብሩን በስልክ ነበር ያየችው። ያን ቀን እትዬ ገዲሴ ሳታንኳኳ ገባች፤ ሌሎች ሴቶችም ተከትለዋት ገቡ። ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ብዙም አልተናገሩም። ኤሊና ጨንቋት ሻይ አፈላች፣ ብስኩት ፈለገች፤ «ምን ፈልገው ይሆን? መቼ ይሄዱ ይሆን?» እያለች በልቧ ስትቆጥር ነበር የዋለችው። ሲመሽ ሄዱ፣ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ያ መቀመጥ ራሱ ስጦታው እንደነበር የገባት ገና ዛሬ፣ መንገድ መሃል ቆማ ነው። ይባስ ብሎ ባለፈው ወር ለመምህራኑ ያስተማረችው ትምህርት ስለ ማጽናናት ነበር።

«በቃ፣ ይቅርታ ጠይቂያት» አላት ዩካ።

«በቃል አይሆንም። የቀረሁት በአፌ አይደለም፤ በእግሬ ነው።»

በማግስቱ የእድሩን ሊቀ መንበር ጋሽ ወጋየሁን ፈልጋ ሄደች። እድር የሚያስደንቅ ነገር ነው። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ሞት ሲመጣ ግን ከመዋጮው ይልቅ ሥራው ይቀድማል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሴቶቹ ያበስላሉ፣ ሰሃኑና ወንበሩ ከእድሩ ግምጃ ቤት ይወጣል፤ ሐዘንተኛው ከማዘን በቀር አንዳች ሥራ አይኖርበትም። የቀረ ይቀጣል። የገንዘቡ ቅጣት ግን ቀላሉ ነው።

«እድር መግባት እፈልጋለሁ» አለች ኤሊና።

ጋሽ ወጋየሁ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናንተማ ስትሞቱ በአውሮፕላን ነው የምትሄዱት። የእኛ ድንኳን እዚያ ድረስ አይዘረጋም፣ ልጄ!»

«ለመቀበር አይደለም ጋሽ ወጋየሁ። ለመቅበር ነው።»

ሽማግሌው መሳቃቸውን ተዉ። «ደንቡ አይከለክልም» አሉ። «ሰው ግን በደንብ ብቻ አይገባም። የበንቲ አርባ እሑድ ነው። ቅዳሜ ሴቶቹ እዚያ ይሠራሉ። እነሱ ካስገቡሽ እኔም አስገብቼሻለሁ።»

አርባ ግን ለኤሊና ቀላል ነገር አልነበረም። እሷ ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ፍትሐት አያደርግም፤ እዚሁ የምታገለግልበትም እንደዚያው ነው። ማታ ዩካ ይህንኑ አነሳ። «ለላኩን ሰዎች ምን ልትያቸው ነው?»

«ሰሃን አጠብኩ እላቸዋለሁ።»

«ፍትሐቱስ?»

«የቄሱን ጸሎት ቄሱ ይጸልያል። እኔ የራሴን አውቃለሁ። ሰሃን ሃይማኖት የለውም፣ ዩካ። እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ግቢው ውስጥ ስትገባ ጨዋታው ቆመ። ሴቶቹ በርጩማ ላይ ሆነው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ጥግ ላይ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ቀድማ የተናገረችው ቢፍቱ ናት።

«ዛሬስ ምን ኬክ አመጣሽልን?»

«ኬክ የለም» አለች ኤሊና፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እጅ ነው ያመጣሁት።»

ቢላዋ ሊሰጧት አላመኗትም። የሰሃን ክምር አሳዩዋት። ኤሊና ተንበርክካ ጀመረች፤ አንዱን ሰሃን ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ ጠርዙን፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደግማ፣ ከዚያ ወደ ብርሃኑ አንስታ እያየች።

«የኦሊ እናት» አለች ቢፍቱ፣ «ሰሃኑን ልትድሪው ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሐዘን ቤት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ኤሊናም ሳቀች፤ ፍጥነቷንም ጨመረች። ይሁን እንጂ እንዲያ ስታጥብ ጀሪካኑን ሁሉ ጨርሳው ነበር፤ የቧንቧዋም ውሃ ያን ቀን አልመጣችም። ስልኳን አውጥታ ዩካን ጠራችው። ብዙም ሳይቆይ የውሃ ጎማ የያዘ ረጅም ቀይ ክንድ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ የነኤሊና ሮቶ ወደ እትዬ ገዲሴ ግቢ መፍሰስ ጀመረ። «ባልየውም እጅ ነው ያመጣው» አለች ቢፍቱ። ይሄኛው አባባሏ ግን ቀዝቃዛ አልነበረም።

ሰሃኑ ሲያልቅ ኤሊና እጇን አደራርቃ ወደ ቤት ገባች። እትዬ ገዲሴ ፍራሽ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ኤሊና ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተቀመጠች። «እግዜር ያጽናሽ፣ እትዬ ገዲሴ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሻይ አላፈላችም፣ ብስኩት አልፈለገችም። ዝም ብላ ተቀመጠች።

እትዬ ገዲሴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ስጮኽ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«መስኮት ዘጋሁ።» ኤሊና ነገሩን ልታለሳልሰው አልፈለገችም። «በእኛ አገር ያዘነ ሰው ለብቻው ይተዋል። ማክበር መስሎኝ ነው።»

«ለብቻው ያለቅሳል?»

«ለብቻው።»

«እናትሽም አባትሽን ሲቀብሩ?»

«እሷም። ክረምቱን ሙሉ በረዶ ነበር። ፖስታ ከሚያመጣው ሰው በቀር በሩን የመታ የለም።»

እትዬ ገዲሴ ጉንጯን ያዘች። «ውይ እኔ አፈር ልብላ! በጠላት እንኳ እንዲህ አይደረግም።» ፊቷን ወደ ኤሊና አዞረች። «እኔ እኮ የናቅሽኝ መስሎኝ ነው። በንቲ ገበሬ ነው ብላ፣ እኛን ሰው አትልም ብዬ።»

ኤሊና ወደ እሷ ጠጋ አለች። እጇን ዘርግታ የእትዬ ገዲሴን እጅ ያዘች። እትዬ ገዲሴ እጇን አልነጠቀችም፤ ይልቁንም የኤሊናን መዳፍ ገልብጣ በሳሙናው የተጨማደዱትን ጣቶች አየች።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ» አለች፣ የትእዛዝ ድምፅዋ ተመልሶ፣ «በር ላይ ቆመሽ እንግዳውን እጅ የምታስታጥቢው አንቺ ነሽ። እኔ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። ባልሽ ወንበር ይደርድር፤ ቁመቱ ለምን ይባክናል?»

እጅ ማስታጠብ የቤቱ ሰው ሥራ ነው። ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ ኤሊና የምታስተምርበት ቀን። ወደ ግቢው ወጥታ፣ ለሥራ ባልደረባዋ ለጸደንያ ደወለች።

«ጸደንያ፣ ነገ ትምህርቱን ያዢልኝ። ልመጣ አልችልም።»

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ ለቅሶ አለብኝ።»

«የማን?»

«የጎረቤቴ።»

«እንግዲያ እግዜር ያጽናችሁ፤ ትምህርቱን እኔ እይዘዋለሁ» አለች ጸደንያ።