የአላሜዳው ድንጋይ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማለቂያ አካባቢ፣ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ነርሲንግ ሆም በሚሉት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እኔ ወጥ ቤት፣ ባለቤቴ ዓባይነህ ደግሞ ጽዳት እንሠራ ነበር። እዚያ አንዲት የኮሪያ ባልቴት ነበሩ። መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ጭጋጉን እያዩ በሰመመን ይኖራሉ። ስማቸው ሱንሂ ነው። ሲጠየቁ ግን ብድግ ብለው፣ እንደ ተማሪ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አጣብቀው፣ «ሃናኮ!» ይላሉ።

ዓባይነህ የቤት ስማቸው መሰለው። እኛ ዘንድ ሰው በቤት ስሙ ሲጠራ ደስ አይለው? ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ «ጉድ ሞርኒንግ፣ እማማ ሃናኮ» አላቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ሰማችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጃፓኖች ኮሪያን ሲገዙ ትምህርት ቤት የለጠፉባት ስም ነው» አለችን። «በራሷ ስም አቤት ካለች ትገረፍ ነበር።»

ያ ሞኝ ባሌ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ከአላሜዳ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ አንስቶ በአውቶቡስ ይዞ መጣ።

«እንደ አገሬው ሶሪ በልና ይብቃህ!» ብዬ ጮኽኩበት።

መች ሰምቶኝ! አገር ቤት ለዕርቅ እንደሚደረገው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ ሱንሂ» አለ።

ጭጋጉን ትተው አዩት። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አነሱለትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው፣ «ቀስ ብለህ ጥራኝ» አሉት፤ «መምህሩ እንዳይሰማ።»