አለቃ ከሞተ ወዲህ

ውሻውን «አለቃ» ያለችው የአናጺው ልጅ ናት። ገና ቡችላ ሳለ ከካርቶኑ ወጥቶ ወርክሾፑን ከጥግ እስከ ጥግ ሲያሸት አይታ፣ «ይኼስ ሥራ ሊቆጣጠር ነው የመጣው» ብላ ሳቀች፤ ስሙ በዚያው ጸና። ደንበኞችም ለመዱት። በር ላይ ቆመው «አለቃ ፈቅደዋል ወይ?» ይሉና ይገባሉ። አናጺው በዚህ ቀልድ ይስቅ ነበር፤ መስማት ይችል በነበረበት ጊዜ።

ጆሮው ከከዳው አራት ዓመት አልፎታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኤሌክትሪክ መጋዝ ጩኸት ሲደበደብ የኖረ ጆሮ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቅበታል? ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። የገዛ አባቱ ጆሯቸው በከዳቸው ጊዜ፣ እሱና ወንድሞቹ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ያሟቸው ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ የተመሰገኑ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋም። እንደዚያ ከምሆን ሞቴን ያድርገው ብሎ ቆርጧል።

ገመናውን የሸፈነለት አለቃ ነው። ሰው ሲገባ ይነሳና የአናጺውን ጉልበት በአፍንጫው ገፋ ያደርጋል፤ ስልክ ሲጠራ ወደ መደርደሪያው ያያል፤ ሚስቱ ከጓዳ ስትጣራ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል። አናጺው ውሻውን ያይና «አቤት!» ይላል። ለቀረው ወሬ «እሺ» እና «ይሆናል» ይበቁታል። ሚስቱ «ይኼ ሰውዬ ዓይኑ ከእኔ ይልቅ ከውሻው ላይ ነው» እያለች ታሾፍበታለች። እውነቷን ነበር፤ ምክንያቱን ግን አታውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሚስቱ ገበያ፣ ልጅቱም ሥራ በሄዱበት ረፋድ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ጣውላ ተንሸራቶ አለቃ ላይ ወደቀ። አናጺው መጋዙን አጥፍቶ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር። የውሻውን መጥፋት ያስተዋለው ለምሳ ሲነሳ ነው። ጣውላውን ወዲያና ወዲህ እየወረወረ ሲደርስበት ገላው ገና አልበረደም፤ ነፍሱ ግን ወጥታለች።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታቸው መጣች። ሴትዮዋ ክፋት የለባትም፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም፣ ድምፅዋም ሰፈር ያሰማል። «አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸ እኮ!» አለች ለልጅቱ። «ማሽኑ ጠፍቷል። አጥሩን ብደበድብ፣ ብደበድብ፣ አባትሽ ወይ ፍንክች!» ይቺ ቃል እንኳ አናጺውን አላመለጠችውም።

ልጅቱ ዞር አለችና «እዚያው ነበርክ፣ አባዬ?» አለችው።

«ሥራ ይዤ ነበር» አላት፣ ከንፈሯን አንብቦ።

ሥራ ይዤ ነበር! ምነው ምላሱን በቆረጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጅቱ ገበታ ላይ ፊቷን አዙራ መብላት ያዘች። እውነቱን ቢናገር ደንቆሮ ሊባል፣ ዝም ቢል ጨካኝ ሊባል ሆነና፣ ሞኙ ጨካኝ መባልን መረጠ። ለውሻ ብሎ ሰው ፊት ማልቀስ ደግሞ አልሆነለትም። መላጊያውን ይዞ እንጨቱ ላይ አቀርቅሮ፣ አለቃ ስንት ጊዜ እንደጠራው ያስባል። ሥራውም ተበላሸበት፤ ጠረጴዛ ሊያዝዙ የመጡ ባልና ሚስት ከጀርባው ቆመው ቆመው፣ እንደ ናቃቸው ቆጥረው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራው ቀና ሲል ልጅቱ ከኋላው ቆማለች። ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። ፊቷ ደም ለብሷል፤ የሆዷን ተናግራ ጨርሳ መልስ እየጠበቀች ነው። ስንት ደቂቃ እንደቆመች፣ ምን እንዳለች አያውቅም። ልማዱ ነውና «እሺ» ሊላት አፉን ከፈተ። ወዲያው ሻንጣውን አየ። እሺ ካላት አንስታው እንደምትወጣ ገባው።

«አልሰማሁሽም» አላት። «አሁን ያልሽውን አንዲት ቃል አልሰማሁም። እሱንም አልሰማሁትም። ጆሮዬ ከደነቆረ አራት ዓመቱ ነው፤ አለቃ ነበር የሚሰማልኝ። ብሰማው ኖሮ ያንን ጣውላ በጥርሴም ቢሆን አነሳለት ነበር!»

ምን ያህል እንደጮኸ አላወቀም፤ ሚስቱ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ልጅቱ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

«ቅድም ያልሽኝን ድገሚልኝ» አላት አናጺው። «ፊት ለፊቴ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ። ይገባኛል።»

በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ለመናት። ያን ጊዜ ቀረበችውና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እሱ ከንፈሯን እያየ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች አለችው፦

«እንኳን አልሰማኸኝ፣ አባዬ።»