ሁለት የኪያር ፈረሶች

ናኦታካ ሂሮሺማን ለቆ ወደ ቦሶ የባሕር ዳርቻ ሲመጣ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ሁለት የሞገድ መጋለቢያ ሳንቃና አንድ የጥርስ መሞረጃ ሞተር ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራ ነበር የሚኖረው።

ሂሮሺማ ባሕር የላትም አይባልም፤ አላት። ግን ያ ባሕር በደሴቶች ተከቦ ሳህን ላይ እንደቀረ መረቅ ዝም ያለ ነው። ሞገድ መጋለብ ያማረው ሰው ግማሽ ቀን መኪና መንዳት አለበት። ናኦታካ ይህን ሃያ ዓመት አደረገው። ቅዳሜ ሲነዳ፣ እሑድ ሲመለስ፣ ሰኞ ወገቡን ይዞ የሰው ጥርስ ሲሞርድ ኖሮ ኖሮ፣ አንድ ቀን መሞረጃውን አስቀመጠና "ጥርስ የትም ይሠራል፤ ሞገድ ግን ሁሉም ቦታ አይገኝም" ብሎ ሥራውን ለቀቀ። አገሩን ከዳር እዳር አቋርጦ መጣ። ያሰበው ኑሮ ቀላል ነበር፤ ጠዋት ሞገድ፣ ከሰዓት ጥርስ፣ ማታ አንድ ቢራ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ማንም አይጠራው፣ እሱም ማንንም አይጠራ።

እንዲህ ያለ ኑሮ የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ለእኔም ጠቁሙኝ። የመጣበት መንደር ስልሳ ቤት ነው፤ ከስልሳው ቤት በአምሳው ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ የሚያሳድር ሰው አለ። ጥርስ ሠሪ መጣ የሚለው ወሬ ሳምንት አልፈጀበትም። ጠዋት ሳንቃውን ታቅፎ በሩን ሲከፍት፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ባልቴት ጥርሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ቆመዋል። "ድዴን እየፋቀኝ ነው፣ ትንሽ ብቻ ሞርድልኝ" ይሉታል። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ወረፋ ይዘዋል። ናኦታካ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ሞርዶ ሲጨርስ ሞገዱ ሄዷል፤ እጁ ላይ የሚቀረው ለድካሙ የሰጡት ክንድ የሚያህል ፍጅል ነው።

ቢሆንም ቤቱን ወዶታል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሞገዱ የት ላይ እንደሚሰበር ማየት ይቻላል። ቤቱን ያከራዩት እማማ ቶኪኤ ናቸው፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት፣ አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲላቸው ከሦስት ዓመት በፊት ከኮረብታው ጀርባ ልጃቸው ጋ ገቡ። ባላቸው ኢሶጂ ግን እዚሁ ቀረ። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቀሩት በቤቱ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ላይ ያሉት ፎቶው፣ ስሙ የተጻፈበት ጣውላና ትንሿ ደወል ናቸው።

"ልጄ ቤት ባሕር አይታይም። እዚያ ብወስደው ያኮርፋል" አሉ እማማ ቶኪኤ ቤቱን ሲያስረክቡ። "ጠዋት ጠዋት አንድ ጭልፋ ሩዝና ውሃ ታቀርብለታለህ። ሌላም አለ። በቦን ሰሞን ሙታን ወደየቤታቸው ሲመጡ፣ ከመጡበት ማታ እስኪሸኙ ድረስ እግርህ ባሕር አይነካም።"

"ከነካስ፣ እማማ?"

"እነሱ እግርህን ይጎትታሉ። እነሱ ከረሱህ እኔ ከቤቴ ጎትቼ አወጣሃለሁ።"

ያኔ ክረምት ነበር፤ በረዶ ይጥላል። በበጋ የሚመጣ የሙታን በዓል በክረምት ማንን ያስፈራል? ናኦታካ እየሳቀ እሺ አለ።

በጋው ደረሰ። ቦን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው በስተደቡብ ውቅያኖሱ ላይ አንድ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ናኦታካ ስልኩ ላይ የአየር ካርታውን ዘርግቶ አሰላ፣ ደግሞ አሰላ። ወጀቡ ወደ ምድር አይመጣም፤ ሞገዱን ብቻ ነው የሚልከው። በቦን ሦስተኛ ቀን ይደርሳል፣ በአራተኛው ቀን የዓመቱ ምርጥ ይሆናል፣ በአምስተኛው ነፋሱ ዞሮ ባሕሩ እንደ ሂሮሺማ ይተኛል። ሙታን ደግሞ የሚሸኙት በአራተኛው ቀን ማታ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ሃያ ዓመት የጠበቀው ሞገድ ደጁ ድረስ ሊመጣ ነው፤ ከነካው ግን ደጁ ራሱ የሌላ ሰው ሊሆን ነው።

በመጀመሪያው ቀን እማማ ቶኪኤ ኪያርና ደበርጃን በቅርጫት ይዘው መጡ።

"በእናንተ አገር ይህ የለም?"

"እኛ መቃብሩ ላይ ባለ ቀለም የወረቀት ፋኖስ ነው የምንተክለው።"

"ጉድ ነው። ታዲያ ሙታናችሁ በምን ይመጣሉ፣ በእግራቸው?" አሉና ኪያሩ ላይ አራት ስንጥር ሰክተው አቆሙት። "ይህ ፈረስ ነው። ሲመጣ እየጋለበ ቶሎ እንዲደርስ። ደበርጃኗ ደግሞ ላም ናት። ሲመለስ በእሷ ላይ ተቀምጦ፣ ዞር ዞር እያለ እያየን፣ ቀስ ብሎ እንዲሄድ። እሷን አንተ ሥራት፤ ጣቴ ደንዝዟል።" የእንግዳ መቀበያውን እሳት ደጃፉ ላይ ለኩሰው፣ ደወሏን መትተው ሄዱ።

ናኦታካ ከደበርጃኗ ጋር ብቻውን ቀረ። ፎቶውን አየ። ኢሶጂ አንድ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ከፎቶ አንሺው ኋላ ያለ ነገር የሚያይ ሰው ነው። ይህን ጊዜ ሰይጣን ሹክ አለው። ክልከላው የቤቱ ሙት እስኪሸኝ ድረስ ነው አላሉም? የቤቱ ሙት በላም ፈንታ በፈረስ ከሄደ፣ አራተኛውን ቀን ሳይጠብቅ በሁለተኛው ቀን ማታ ውልቅ ብሎ ያድራል። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት ውስጥ ሙት የለም፤ ሙት ከሌለ ክልከላ የለም።

"ጋሽ ኢሶጂ፣ እርስዎም የባሕር ሰው ነዎት፣ ይረዱኛል" አለው ለፎቶው። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ለራት ያስቀመጠውን ኪያር አወጣ፣ አራት እግር ሰካለትና ከመጀመሪያው ፈረስ ጎን አቆመው። ደበርጃኗንስ የት ያድርጋት? ቤት ውስጥ ከተገኘች ታጋልጠዋለች። ለሁለት ሰንጥቆ፣ ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ድልህ ቀብቶ ጠበሳትና በላት። ትጣፍጥ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ ቶኪኤ መጡ። መሠዊያው ፊት ተንበርክከው ደወሏን መቱ፣ እጃቸውን አጋጠሙ። ከዚያ ሁለቱን ፈረሶች በጣታቸው ቆጠሩ።

"ላሟስ?"

"አይጥ ሳይወስዳት አይቀርም።"

"አይጥ።"

"ትልቅ አይጥ ነበር፣ እማማ።"

እማማ ቶኪኤ አፍንጫቸውን ቀሰሩ። ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየያዙ ወጥ ቤት ገቡ። ያልታጠበውን መጥበሻ አነሡት፣ አሸተቱት።

"የዚህ ቤት አይጥ ሚሶ ቀብቶ ነው የሚበላው?"

እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ከዚህ በኋላ መዋሸት ምን ያደርጋል? ሁሉንም ዘረገፈው፤ አውሎ ነፋሱን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቀን፣ በፈረስ ቶሎ የሚሸኝ ሙትን፣ ክልከላው በየቤቱ ነው የሚለውንም ሙግቱን። እማማ ቶኪኤ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ከዚያ ሳቁ። ጥርሳቸው እንዳይወድቅ በእጃቸው ደግፈው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ናኦታካም ዳንኩ ብሎ አብሮ መሳቅ ጀመረ። እሳቸው ግን በድንገት አቆሙ።

"ይህን ክልከላ ማን ያወጣው ይመስልሃል?"

"መነኮሳቱ?"

"መነኮሳቱ ስለ ባሕር ምን ያውቃሉ? ሴቶቹ ናቸው ያወጡት። እኔ በሃያ ዓመቴ እዚህ ቤት ሳገባ አማቴ ናቸው በጆሮዬ የነገሩኝ። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ናቸው። ሲመለሱም ወይ መረብ ይጠግናሉ ወይ ይተኛሉ። ተው ብትለው፣ ና ብትለው አይሰማህም። ሙት እግርህን ይጎትታል ካልከው ግን ቁጭ ይላል።" በረንዳውን በአገጫቸው አሳዩት። "እዚያ ነበር የሚቀመጠው። በዓመት ሦስት ቀን ባል ነበረኝ። እሱንም በራሴ ላይ አሻግሮ ባሕሩን ሲያይ፣ ጀርባህን ለባሕሩ ስጥ ብዬ አዞረው ነበር። አርባ አራት ዓመት አዞርኩት።"

ናኦታካ አንገቱን ደፋ።

"ከሞተም ወዲህ ያው ሦስት ቀን ነው የማገኘው" አሉ። "አንተ ደግሞ በፈረስ ልታባርርብኝ።"

አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እማማ ቶኪኤም ከቤቱ ውጣ አላሉትም፣ ቆይም አላሉትም። "ነገ ሌላ ደበርጃን አመጣለሁ" ብለው ብቻ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ሞገዱ መጣ። ናኦታካ ላሟን ሠራት፤ ወፍራም፣ አንድ እግሯ ያጠረ፣ የትም የማትደርስ ላም። ባሕሩ ሲጮህ ጆሮው ላይ ትራስ ጭኖ ዋለ። በአራተኛው ቀን ግን ትራስም አልበቃውም። የመንደሩ ዳርቻ ላይ ጋሽ ሳኩዞ የሚባሉ ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ ገመድ ዘርግተው፣ ማንም ባሕር እንዳይገባ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከቶኪዮ የመጡት ልጆች ገመድም ሙትም በሌለበት በወዲያኛው ጥግ ገብተው እየጋለቡ ነው። የደስታ ጩኸታቸው በረንዳው ድረስ ይሰማል። ናኦታካ ቀናባቸው፤ ውሃ ይዋጣቸው ሊል ምንም አልቀረው።

እማማ ቶኪኤ ከቀትር በኋላ ሐብሐብ ይዘው መጡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እሱን ከፊታቸው አስቀመጡት።

"ጀርባህን ስጥ።"

ሰጠ። እሳቸው ጥርሳቸውን አውልቀው ሰጡትና እሱ እየሞረደ፣ እሳቸው በባዶ ድዳቸው ሐብሐብ እየመጠጡ ስለ ኢሶጂ አወሩት። ኢሶጂ ሲናደድ ጫማውን ቀያይሮ እንደሚያጠልቅ፣ የሠርጋቸው ቀን በዓሣ ሽታ እንደመጣ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ባሕር ላይ እንደነበረ። ግማሹ ቃል አይገባውም፤ ጥርስ የሌለው አፍ ነው የሚያወራው። ከኋላው ሞገዱ ይሰበራል። ሳያየው ቁመቱን ያውቀዋል። ይህ የሁለት ሰው ቁመት ነው፣ ይህ ደግሞ ይበልጣል።

"አንገትህ እየዞረ ነው።"

"አልዞረም።"

"ኢሶጂም አልዞረም ነበር የሚለው።"

ጥርሱን አጥቦ መለሰላቸው። አጠለቁት፣ አንዴ አኘኩበት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ናኦታካ ጆሮው አሁንም ባሕሩ ላይ ነበር፤ ወሬያቸው ሲቋረጥ ግን ቅር አለው፣ የሠርጉ ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ጠየቃቸው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ሰው ሙታኑን ለመሸኘት ወደ ዳርቻው ወረደ። ናኦታካ እማማ ቶኪኤን ደግፎ፣ ሁለቱን ፈረሶችና ላሟን በትሪ ይዞ አወረዳቸው። ገና ሰዉ ለመሸኛው እሳት ገለባውን እየከመረ ነው። እማማ ቶኪኤ የራሳቸውን ጭብጥ ገለባ ለኮሱና ትሪውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ላሟን አነሡ፣ አገላብጠው አዩዋት። መልሰው አስቀመጧትና ናኦታካ የሠራውን ኪያር አንሥተው እሳቱ ውስጥ ጨመሩት።

"እማማ፣ ያኛው እኮ ፈረስ ነው።"

"አውቃለሁ። ላሟ ድሮም ለእኔ ነበረች እንጂ ለእሱ አልነበረችም። ያ ሰው በሕይወቱ ቀስ ብሎ ወደ ባሕር ሄዶ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በላም ስልከው መንገዱን ሙሉ ሲረግመኝ ኖሯል። ይሂድ።"

ኪያሩ እየተንጨረጨረ ተኮማተረ። እማማ ቶኪኤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ ጭሱ ነው አሉ። ከዚያ ናኦታካን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ብርሃኑ እያለቀ ነው።"

ጋሽ ሳኩዞ ከሣጥናቸው ተነሡ። "ቶኪኤ፣ ምን ነካሽ? የሰው ሙት ገና አልተሸኘም።"

"የእኔ ቤት ሙት ሄዷል። ክልከላው በየቤቱ ነው" አሉ እማማ ቶኪኤ። "አታውቅም ነበር?"

ናኦታካ ሁለተኛ ንግግር አልጠበቀም። ሳንቃውን አምጥቶ በገመዱ ሥር ሾለከ።

ውሃው ሞቃት ነበር። ሦስት ሞገድ አሳለፈ፤ አራተኛው ሲመጣ ቀዘፈ፣ ተነሣ። ሞገዱ ረጅም ነው፣ አያልቅም፤ ናኦታካ ብቻውን ሳቀ። ሃያ ዓመት የነዳው ለዚህ ነበርና እውነትም ይገባው ነበር። ሞገዱ ከሥሩ ሲያልቅ ወደ ዳርቻው ዞሮ አየ። እማማ ቶኪኤ የዳርቻው ግንብ ጠርዝ ላይ ላሟን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነው፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይፈልጉታል።

ለሦስት ወይም ለአራት ሞገድ የሚበቃ ብርሃን ነበረ። ከኋላው ትልቁ ሲነሣ ሰማው፤ አንገቱን አላዞረም። ሳንቃውን ወደ ምድር አቀና።

"ምነው ቶሎ ወጣህ?" አሉት።

"በቃኝ፣ እማማ።"

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ኢሶጂ በአርባ አራት ዓመት አንድ ቀን በቃኝ ብሎ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። ክንዱን ይዘው እስከ ቤት ወጡ፣ ላሟን እግሮቿን ነቅለው ለሁለት ሰነጠቋት። ትልቁን ግማሽ ለእሱ ሰጡት፣ ሚሶውን ግን አንተ ቀባ አሉት።